ሰማንያ ስምንተኛው ስም

ጋሽ ጉተማ የወዳጃቸውን የአዱኛን ሞት የሰሙት ሽንት ቤት ተቀምጠው ነው። መርዶ እንደ ወጉ ቢሆን ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ፣ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሌላው ደግሞ ሐዘንተኛው ራሱን እንዳይጥል ከኋላ ቆሞ ነው የሚነገረው። የእሳቸው ግን በቆርቆሮ ሽንቁር ገባ። ማክሰኞ ነው፣ የጥር ማለዳ፤ ከቀበና ወንዝ የሚነሣው ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አፍና አፍንጫቸውን በፎጣ ጠምጥመው «ቶሎ ልግባ» እያሉ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ልጃቸው ሎሚ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሄዳ ከፈተች። የመጣው የዕድሩ ጸሐፊ ሕሩይ ነበር።

«ጋሽ አዱኛ ሌሊት ዐረፉ» አለ ሕሩይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደም ግፊት ነው ያሉት። ቀብር ስድስት ሰዓት ላይ ነው፣ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን።»

«ውይ! ውይ በሞትኩት!» አለች ሎሚ፤ ወዲያው ደግሞ አፏን ያዘች። «ቀስ በል በናትህ፣ አባዬ እንዳይሰማ። ይሄን ከሰማ አበቃለት።»

«እኔም ለሳቸው ልነግር አይደለም የመጣሁት፤ አንቺ እንድትደርሺ ብዬ ነው። እሳቸውማ ከሰኔ ጀምሮ ከስም ጥሪ ወጥተው የለ? አንቺ ባመጣሽው ወረቀት አቅመ ደካሞች መዝገብ ላይ ናቸው።»

«እሱንም እንዳትነግረው።»

«ምን ቸገረኝ» አለ ሕሩይ፤ በሩም ተዘጋ።

ጋሽ ጉተማ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ሁለት ዱላ ነው በአንድ ጊዜ ያረፈባቸው። አንደኛው አዱኛ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ወሰን ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ እሱ ላሜራ እየቀጠቀጠ እሳቸው ቀለም እየረጩ አብረውት የኖሩት፣ ዕድሩንም በአንድ ቀን ገብተው እሱ ሰማንያ ሰባተኛ እሳቸው ሰማንያ ስምንተኛ ሆነው የተጻፉት አዱኛ። ሁለተኛው መዝገቡ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ይሄንንም በኋላ ለራሳቸው እያፈሩ ነው ያመኑት፣ መጀመሪያ የቆጠቆጣቸው ሁለተኛው ነው። ሰው ወዳጁ ሲሞት ያለቅሳል፤ ራሱ ሳይሞት ከዕድር ስም ጥሪ ሲወጣ ግን ምን እንደሚያደርግ ማንም ወግ አልሠራለትም።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ሰኔ ነው። አንዲት ጎረቤት ለመቅበር ከሰው ጋር ወደ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ ሐኪም ሳንባቸው ከቆየ በሽታ የተነሣ እንደ ጠበበ ነግሯቸው ሳለ፣ «ሳል ነው እንጂ ሌላ ምን አለብኝ» ብለው ከጎረምሳው እኩል ዳገቱን በእልህ ተያያዙት። ደረሱ፣ መድረሱንስ ደረሱ፤ ቀብሩ ሳያልቅ ግን ከንፈራቸው ጠቁሮ እዚያው ቅጥር ግቢ ውስጥ ወደቁ። የዕድሩ ሰዎች ምን ያድርጉ? ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት መኪና አይገባም፤ እጃቸው ላይ ያለው ሟቿ የወጣችበት ባዶ ቃሬዛ ነው። ጋሽ ጉተማን እሱ ላይ አጋድመው፣ ጋቢ አልብሰው፣ ለአራት ተሸክመው ወደ ሰፈር አወረዷቸው። ሎሚ ከሥራ ስትመለስ መታጠፊያው ላይ የዕድሩ ቃሬዛ ወደ ቤቷ ሲያመራ አየች፤ ከጋቢው ሥር የወጣውን የአባቷን ጫማም አየች። ያን ቀን የጮኸችውን ጩኸት ሰፈሩ እስካሁን ያወራዋል። ሰፈርተኛ ደግሞ ካላሾፈ አይሆንለትምና «ጉተማ ቃሬዛውን ቢለካው አልበቃ አለው» ተባለ። ሎሚ ግን አልሳቀችም። እናቷ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ከአባቷ ሌላ ማንም የላትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ እንቁላል ያዘቻቸው። ባልዲ ማንሣት የለ፣ ሱቅ ብቅ ማለት የለ፣ ግቢ መጥረግ የለ፣ ሶፋው ላይ ቁጭ። ዕድር ሄዳ ፈርማ እንዳስወጣቻቸው ግን ትንፍሽ አላለችም።

ሲገቡ ቁርስ ቀርቦ ነበር። ቤቱ አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ነው፤ ዳንቴል የለበሰ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ ከሦስት ዓመት በፊት ያለቀ የጎማ ነጋዴ ካላንደር፣ ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ የምታሳይ ጠባብ መስኮት። ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ መስከረምን በዚያች መስኮት ነው ያሳለፉት። ሎሚ ጨጨብሳ ሠርታለች። በሥራ ቀን ጨጨብሳ! ቅቤውም እንደ እሑድ ተትረፍርፎበታል። ጋሽ ጉተማ ቅቤውን አዩና ልጃቸው ምን ያህል እንደተጨነቀች ገባቸው። «ቅቤ አሁን ስንት ገባ?» አሉ፤ የሚሉት ሲጠፋ የሚባለውን ነው ያሉት። «ኧረ ተወው፣ ሺህ ሁለት መቶ» አለች ሎሚ። ሽንኩርቱም ጨምሯል፣ የመገናኛ ታክሲም ጨምሯል፣ ወረዳው ላይ ደግሞ ዛሬ ስብሰባ አለባት፤ ስልኳ ሊዘጋ ይችላል፤ እንዳያስብ። ሎሚ የወረዳው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ስብሰባ የሚባል ነገር መዝገብ ቤት ገብቶ እንደማያውቅ አባቷ ያውቃሉ። ሶፋው ጫፍ ላይ ባስቀመጠችው ፌስታል አፍ ጥቁር ሻሽ ብቅ ብሏል፤ እሱንም አይተዋል።

«ማታ አዱኛ ደውሎ ነበር» አሉ ድንገት። «ሎሚን ሰላም በልልኝ ብሏል።»

ሎሚ ወደ አፏ የወሰደችውን ብርጭቆ መልሳ አስቀመጠች። «ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

እሷ እንዳያውቁባት ሣህኑን ታያለች፤ እሳቸው ማወቃቸውን እንዳታውቅባቸው መስኮቱን ያያሉ። «እኔም ሰምቻለሁ፣ ነይ አብረን እናልቅስ» ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም ነበር። ካሉ ግን እንደማታስወጣቸው ያውቃሉ። በሩን ከውጭ ዘግታ ቁልፉን ይዛ እንደምትሄድ ልባቸው ነግሯቸዋል፤ በፍቅር የተዘጋ በር ደግሞ አንኳኩተው የሚያስከፍቱት አይደለም። ሎሚ ግንባራቸውን ስማ ወጣች። በሩ ጋ ቆም ብላ አንድ ጊዜ ዘወር አለች።

ብቻቸውን ሲቀሩ ልቅሶው መጣ። ልቅሶም ለካ ትንፋሽ ይፈልጋል። ሁለት ጊዜ እንደ ተንሰቀሰቁ ደረታቸው ፉጨት ጀመረና ተዉት። «እዚያ አለቅስልሃለሁ» አሉት አዱኛን፤ «እዚህ ከጀመርኩት አልደርስልህም።» ከትራሳቸው ሥር የሚስቡትን መድኃኒት አውጥተው ሁለት ጊዜ ሳቡ። የሠርግና የቀብር ኮታቸውን ለበሱ። ከአልጋው ሥር፣ ከአሮጌ ቆርኪ ሣጥን ጀርባ፣ ሎሚ የማታውቀውን ሸራ ጫማ አወጡ።

ጫማውን የገዛላቸው አዱኛ ነው። ምስጢሩንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። በጥቅምት መጀመሪያ ሊጠይቃቸው መጥቶ ሶፋው ላይ እግራቸው እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ ሲያያቸው «ልጅህ በፍቅር ልትገድልህ ነው፣ ተነሣ» አለና፣ ለሎሚ «ጥርሱን ላስነቅለው ነው» ብሎ ዋሽቶ፣ ሆስፒታል ደረት ክፍል ይዟቸው ሄደ። እዚያ ሄለን የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አገኙ። ልጅ እግር ናት፤ ጣታቸው ላይ የምትቆነጥጥ ትንሽ ማሽን ሰክታ ኮሪደሩን ለስድስት ደቂቃ አስኬደቻቸው። አራት ጊዜ ቆሙ። ሎሚ ዕረፍት አድርግ እንደምትላቸው ሲነግሯት ራሷን ነቀነቀች።

«አባቴ፣ ተኝቶ የዳነ ሳንባ እስካሁን አላየሁም» አለቻቸው። «ሰው ቁጭ ሲል ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲሟሽሽ ትንሿም ሥራ ትንፋሽ ታሳጥረዋለች፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ደግሞ ፈርቶ መልሶ ይቀመጣል። እዚያ ላይ እርስዎ ሰውነት ውስጥ ብግነት አለ። ደም ምርመራው ላይ ይታያል። እንደ ተዳፈነ ረመጥ ነው፤ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ጡንቻውንም ልብንም እያዳረሰ ይበላል። የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ያንን ረመጥ ያበርደዋል ብለን እናስባለን። በልክ ግን፣ እንደ ሰኔው በእልህ አይደለም። እያወሩ መሄድ ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው።»

ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ስትጠይቃቸው ደግሞ ቀለም ረጪነታቸውን ነገሯት። አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያደርጉ ነበር? አላደረጉም። ማን ያደርጋል? እነሱ ጋራዥ መድኃኒቱ ወተት ነበር። መኪና ተረጭቶ ባለቀ ቁጥር አዱኛ ግማሽ ሊትር ወተት ገዝቶ ይመጣል፤ ጋሽ ጉተማም ቀለሙን ይጠርግልኛል ብለው በአንድ ትንፋሽ ይጨልጡታል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ጠጡ። ሄለን እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰችና «ወተቱ እኮ የገባው ሆድ ነው፤ ቀለሙ ነው ሳንባ የገባው» አለች። አዱኛ ያን ቀን መንገዱን በሙሉ ዝም ብሎ መጣ። ታክሲው ውስጥ «እኔ ነኝ ያጠጣሁህ» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ወዲያ ነው ጫማውን የገዛው።

ሎሚ ሥራ ስትሄድ እሳቸው ዳገቱን ይጀምራሉ። አዱኛ አስቀድሞ ሄዶ ከደጃቸው እስከ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ የመብራት ምሰሶውን ቆጥሮ አርባ ሁለት ነው አላቸው። ማታ ማታ ይደውላል፤ ሰላምታ የለም፣ «ዛሬ ስንት ምሰሶ?» ነው የሚለው። መጀመሪያ ቀን ሁለት ነበር። ኅዳር ሲገባ ዘጠኝ ደረሱ። ባለፈው ሳምንት ሄለን ጋ ሲመለሱ በስድስቱ ደቂቃ አንድም ጊዜ አልቆሙም፤ የደሙ ብግነትም ከጥቅምቱ ከግማሽ በታች ወርዶ ተገኘ። «ዳንኩ ማለት ነው?» ቢሏት «አልዳኑም፣ አልዋሽዎትም። የተበላሸው ሳንባ ተበላሽቷል። ያጨሱት የነበረውን ሲጋራም አቁመዋል፣ መድኃኒቱንም በሥርዓቱ ይስባሉ፣ ስለዚህ ሁሉንም ለእግርዎ አልሰጠውም። ግን ረመጡ በርዷል፤ እንዳያቋርጡ» ብላ ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን ጽፋ፣ ፈርማ፣ ማኅተም መትታ ሰጠቻቸው። ትናንት ማታ ለአዱኛ «አሥራ ዘጠኝ» ብለውታል። «አርባ ሁለት የገባህ ቀን ለሎሚ እኔው ራሴ እነግራታለሁ» ብሎ ነበር የዘጋው። አርባ ሁለት መግባት ያለባቸው ግን ዛሬ ሆነ፤ ነጋሪውም የለም።

ሦስት ሰዓት ላይ ወጡ። የሬሳው ጉዞ ከአምስት ሰዓት በፊት አይነሣም፤ ስለዚህ ቀድመው፣ ቀስ ብለው፣ ማንም ሳያያቸው መድረስ ይችላሉ ብለው አስበዋል። ሌላም ነገር አስበዋል፤ መንገድ ላይ ከወደቁ ሰልፉ ከኋላ መጥቶ ነው የሚያገኛቸው። ያኔ የአዱኛን ቀብር ማስቆም ነው። ሎሚም ከቀብሩ መሐል ዳግመኛ ያንን ጩኸት ልትጮህ ነው። ከዚያ በኋላ ሶፋና መስኮት፣ እስከ ዕድሜ ልክ። ይሄ ሐሳብ ከብርዱ ይልቅ ደረታቸውን አጠበበው። ፎጣቸውን አፋቸው ላይ አጥብቀው፣ በአፍንጫ እየሳቡ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈራቸውን አሹለው ቀስ ብለው እያስወጡ ተራመዱ። አንድ ምሰሶ። ሁለት ምሰሶ። ሦስተኛው ሥር አንዲት ድንች ሻጭ ጆንያዋን እየዘረጋች «ዛሬ ዘነጡሳ ጋሽ ጉተማ!» አለቻቸው። ለቀብር መዘነጣቸውን ለማስረዳት ትንፋሽ ማባከን አልፈለጉም፤ እጃቸውን ብቻ አነሡላት።

እስከ አሥራ ዘጠኝ መንገዱ የራሳቸው ነው። ውሻውን ያውቁታል፣ ቦዩን ያውቁታል፣ የትኛው ግንብ ለመቀመጥ እንደሚመች ያውቁታል። ሃያኛው ላይ አስፋልቱ አለቀና ኮረት መጣ፤ ዳገቱም ቀና አለ። ሃያ ሦስተኛው ላይ አዱኛ ትዝ አላቸው። መርጫውን ሲያጥቡ ከኋላ መጥቶ የወተቱን ላስቲክ በጥርሱ ቀዶ ሲሰጣቸው፣ የሳቀው ሳቅ፣ የጎደለው ጥርሱ። እግራቸው ሳያስቡት ፈጠነ። ሃያ አራተኛው ሲደርሱ አየሩ አለቀ። ሳቡ፣ የሚገባ የለም። ዓይናቸው ፊት ጥቁር ነጥብ መብረር ጀመረ። የሰኔው ነው፣ ያው የሰኔው። «አለቀልኝ» አሉ በልባቸው፤ ፍርሃት ደግሞ የቀረችውን ትንሽ አየር ቀማቸው። መንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ክንዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ወደ ፊት አዘነበሉ፣ ሄለን እንዳሳየቻቸው። እፍ። እፍ። መጀመሪያ ማስወጣት፣ መሳቡ ራሱ ይመጣል ነበር ያለቻቸው።

ከላይ አንዲት ሴት የቅጠልና የጭራሮ ሸክም አዝላ፣ ወገቧን አጥፋ እየወረደች ነበር። አጠገባቸው ስትደርስ ሸክሟን ከግንቡ ጠርዝ ላይ አስደግፋ ቆመች። «ነጋ ቡልቴ፣ አባባ?» አለቻቸው፤ ደህና አደሩ ማለቷ ነው። ጋሽ ጉተማ ቃል ስላልነበራቸው ራሳቸውን ነቀነቁላት። ሴትየዋ ጥቂት አየቻቸው። አልደነገጠችም፣ ሰው አልጠራችም፤ ያ ራሱ አረጋጋቸው።

«ማን ያሳድድዎታል?» አለች። «እኔ ይሄን ዳገት ሃያ ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ዳገት የሚወጣው በመሄድ ብቻ አይምሰልዎት፤ በመቆም ነው። ሰው ከደከመው በኋላ ካረፈ አይነሣም። ሳይደክምዎ ይረፉ። ምሰሶ ላይ እስኪደርሱ አይጠብቁ፤ አሥራ ሁለት እርምጃ፣ ቆም። አሥራ ሁለት እርምጃ፣ ቆም።»

«አሥራ ሁለት» አሉ ጋሽ ጉተማ፤ ድምፃቸው ተመልሶ ነበር።

«በሐዋርያት ልክ» ብላ ሳቀችና ሸክሟን አስተካክላ ወረደች።

እንደዚያ አደረጉ። አሥራ ሁለት፣ ቆም፣ እፍ። አዱኛ በምሰሶ ያስቆጠራቸውን እሷ በእርምጃ ሰበረችላቸው። ሠላሳኛው ላይ ባሕር ዛፉ ከግራና ከቀኝ ገጥሞ ሽታው አፍንጫቸው ገባ። ሠላሳ አምስተኛው ላይ ሁለት የስፖርት ልብስ የለበሱ ወጣቶች እየሮጡ አለፏቸው፤ አንደኛው «አይዞዎት ፋዘር!» ብሎ አውራ ጣቱን አሳያቸው። አርባኛው ላይ ከታች፣ ከሰፈር በኩል፣ የዕድሩ ጥሩምባ ተሰማ። ሰልፉ ተነሥቷል ማለት ነው። ጋሽ ጉተማ አልፈጠኑም። ዕድሜያቸውን ሁሉ የፈጠኑበትን ነገር ሁሉ እያሰቡ፣ በአሥራ ሁለት አሥራ ሁለት፣ አርባ ሁለተኛውን ምሰሶ በእጃቸው ነኩት። እንጨቱ በፀሐይ ሞቆ ነበር። «ገባሁልህ» አሉት አዱኛን። ያኔ ነው ልቅሶው የመጣው፣ ሙሉ ልቅሶ፣ ከነድምፁ። ከግቢው ጽድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የፈለጉትን ያህል አለቀሱ፤ ትንፋሻቸውም በቃቸው።

ሰልፉ ሲደርስ ተነሥተው ከበሩ ጎን ቆሙ። ወንዶቹ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ገቡ፣ ሴቶቹ ተከተሉ። ሎሚ ጥቁር ሻሿን አስራ ከሴቶቹ መሐል ነበረች። አየቻቸው። መጀመሪያ ያላመነች መሰለች፤ ከዚያ ሰዉን እየገፋች መጣችና ሁለት ክንዳቸውን ያዘች፣ ከንፈራቸውን አየች፣ ጥፍራቸውን አየች።

«አባዬ! ማን አመጣህ? በምን መጣህ?»

«በእግሬ።»

«አትዋሸኝ።»

«ልጄ፣ ውሸቱንማ ጠዋት ተካፍለነው ጨርሰናል» አሉ ጋሽ ጉተማ። «መርዶዬን ለምን ከለከልሽኝ? ስሜንስ ለምን አስወጣሽው?»

የሎሚ ፊት ተሰበረ። «ፈርቼ ነዋ!» አለች። «ከሰኔ ጀምሮ እኮ አልተኛሁም። በግድግዳ ትንፋሽህን ስቆጥር ነው የማድረው። ቃሬዛው ዳግመኛ ወደ ቤቴ እንዳይመጣ ነው የፈራሁት፤ ሌላ ምን አለኝ?» ጋሽ ጉተማ ሊቆጧት ይዘው የመጡት ቁጣ የት እንደ ሄደ ጠፋቸው። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የሄለንን ወረቀት አውጥተው ሰጧት። «እኔ ብነግርሽ አታምኚም፤ ወረቀት ታምኛለሽ» አሏት። «ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ሁሉ አለበት። አዱኛ ሊነግርሽ ነበር፤ አልደረሰም።»

ጸሎቱ ሲደርስ ሎሚ ወረቀቱን ታነብ ነበር። አንድ ጊዜ አንብባ አጠፈችው፣ እንደገና ዘርግታ አነበበችው፣ ማኅተሙን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ሁለቱን ቁጥሮች፣ የጥቅምቱንና የጥሩን፣ እያመላለሰች አየቻቸው። ከዚያ ወደ አባቷ እግር፣ ወደ ሸራ ጫማው አየች። አፈሩ ሲመለስ ጋሽ ጉተማ አንድ እፍኝ ጣሉ፤ ከጎናቸው ማን እንደ ቆመ ሳያዩ አንዲት እጅ ክንዳቸው ሥር ገባች።

ቀብሩ እንዳለቀ እንደ ዕድሩ ሥርዓት ሰዉ በሩ ጋ ተሰበሰበ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ሠረቀብርሃን ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ሕሩይ መዝገቡን ከፈተና ስም ጥሪ ጀመረ። የቀረ ይታወቃል፣ የመጣ «አለሁ» ይላል። ጋሽ ጉተማ ይሄን ጥሪ ስንት ዘመን ሰምተውታል፣ ስንት ጊዜ ተሰላችተውበታል! ዛሬ ግን እያንዳንዱን «አለሁ» በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። «ሰማንያ አምስት።» «አለሁ።» «ሰማንያ ስድስት፣ ኦልያድ ገመዳ።» «አለሁ።» ሕሩይ የሰማንያ ሰባትን መስመር በጣቱ አለፈ፤ ሰዉም ራሱን ዝቅ አደረገ። «ሰማንያ ዘጠኝ፣ ጀይላን ሁሴን።»

«ሕሩይ!» አሉ ጋሽ ጉተማ።

ጀይላን ሊመልስ የከፈተውን አፍ ዘጋ። ሰዉ ሁሉ ዘወር አለ።

«ዛሬ የቀበርነው ስንት ሰው ነው?»

«እንዴት ጋሽ ጉተማ?»

«ስንት ነው?»

«አንድ ነዋ» አለ ሕሩይ ግራ ገብቶት።

«ታዲያ ለምን ሁለት ዘለልክ?»

አቶ ሠረቀብርሃን ዱላቸውን መሬት ላይ ወጋ አደረጉ። «ጉተማ፣ ደስ ብሎኛል መምጣትህ፤ ግን አንተን ያስወጣሁህ እኔ አይደለሁም» አሉ። «ልጅህ ናት፣ ወረቀት አምጥታ፣ ፈርማ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። ያወጣችህ ካልመለሰችህ እኔ በአፍ አልመልስህም። መዝገብ ነው።»

ሁሉም ወደ ሎሚ አየ። ጋሽ ጉተማ ግን አላዩም፤ ልጃቸውን በሰው ፊት ማስገደድ አልፈለጉም። ሸራ ጫማቸውን እያዩ ቆሙ። አይሆንም ካለች ይቀበሉታል፤ ያች አርባ ሁለተኛ ምሰሶ ግን ከእንግዲህ ምን ትሠራለች?

ሎሚ ከሴቶቹ ወጥታ መጣች። «ስጠኝ እስቲ» አለችው ሕሩይን። ሕሩይ ዳኛውን አየ፤ ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። መዝገቡን ተቀብላ ክንዷ ላይ አስደግፋ፣ በሰማንያ ሰባትና በሰማንያ ዘጠኝ መሐል፣ እሷው ባሰረዘችው መስመር ላይ፣ በመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጥንቁቅ እጅ ጻፈች። ከታች ፈረመችና ቀኑን አኖረች፤ መዝገቡን መለሰችለት። «ግን አባዬ» አለች ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች፣ «ጠዋት ጠዋት ስትወጣ ከዛሬ ጀምሮ ንገረኝ። ስንት ምሰሶ እንደ ደረስክ ማታ እኔ ነኝ የምጠይቅህ።»

ጋሽ ጉተማ ራሳቸውን ነቀነቁላት። የተሰማቸው ደስታ ነው ለማለት ሐዘኑ ቅርብ ነው፤ ብቻ ከሰኔ ጀምሮ ደረታቸው ላይ ተቀምጦ የነበረ አንድ ነገር ተነሥቶ ሄደ።

ሕሩይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰማንያ ስምንት፣ ጉተማ ቶሎሳ!»

ጋሽ ጉተማ አልቸኮሉም። በአፍንጫቸው ሳቡ፣ እስከ ሆዳቸው አወረዱት፣ ቀና አሉ።

«አለሁ!»

ድምፁ ግቢውን አዳረሰ። ሳል ተከተለው፤ ሎሚ ልትደግፋቸው እጇን ዘረጋችና፣ አሰበችበትና፣ መለሰችው። ጋሽ ጉተማ ስለው ስለው ጨረሱ፣ አፋቸውን በፎጣቸው ጠረጉ፣ በእግራቸው ቆሙ። ሕሩይም ወደ ሰማንያ ዘጠኝ አለፈ።